የምቀመጥበት ምክንያት

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነቃሁ። ጣቶቼ ግን እስከ ረፋድ አራት ሰዓት አልነቁም። የጥርስ ሳሙናውን ክዳን ባለቤቴ ከፈተልኝ። ሲከፍትልኝ አያየኝም... እያፏጨ፣ የራሱን የከፈተ አስመስሎ። ይሄን አመሉን እወድለታለሁ።

ከዚያ የተለመደው ሥራዬ። ኩል፣ ሊፕስቲክ፣ የጆሮ ጌጥ። ሲብሰኝ ነው የምኳኳለው። ዛሬ ክፉኛ ብሶኝ ስለነበር ትልልቁን ጌጥ አደረግሁ። መጠረዣ ክፍል ስገባ ሬዲዮ ጮኸች። «ውይ! ዛሬስ ሙሽራ መስለሻል!» ሬዲዮ ስሟ አይደለም፤ የሚገባት ግን እሱ ነው። ጠዋት ጆሮዋ የገባ ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ማተሚያ ቤቱን ያዳርሳል። ፈገግ አልኩላት። የተሻለኝ ቀን ብታየኝ እኮ ፀጉሬን እንኳን በወጉ አላበጥርም።

የተማሪዎች መጽሐፍ መምጣት ጀመረ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አራት ክምር ተደረደረ። እያንዳንዱ ክምር ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ የሆነ ወረቀት ነው፤ እኛ እጥፋት እንለዋለን። ሴቶቹ ጠረጴዛውን እየዞሩ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሳሉ። አንድ ዙር፣ አንድ መጽሐፍ። ከጠዋት እስከ መውጫ ሰዓት ዙር ብቻ። እኔ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ሽፋን እቆጥራለሁ፣ እጄ ሲፍታታ ደግሞ አጥፋለሁ። የሐኪም ወረቀት አለኝ። ያዩት አለቃ ብቻ ናቸው። «በእኔና በእርስዎ ይቅር» ያልኩት ራሴ ነኝ። የሰው አፍ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ጥሩ ቀን ነበር። ሙጫው እንኳን አልከረፋኝም።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

የጋሼ ምላጭ ልጅ ተዳረች። ጋሼ ምላጭ የመቁረጫ ማሽኑ ጌታ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሲከረክሙ አሥሩንም ጣታቸውን ይዘው የቀሩ። መላው ክፍላችን ተጠርቷል።

ጠዋት ስነሳ... ጣቶቼ ተከፈቱ! ጉልበቴም ዝም አለ! እንዲህ ያለ ቀን በወር ሁለቴ ቢመጣልኝ ነው። ታዲያ ምን ላድርገው? መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው? ጨፈርኩበት። ባለቤቴ ከጥግ ሆኖ በዓይኑ «ነገን አስቢ» ይለኛል። እኔም በዓይኔ «ነገ የራሷ ጉዳይ» አልኩት። ጋሼ ምላጭ መሐል ድረስ መጥተው አብረውኝ ጨፈሩ። ላብ በላብ ሆንን። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

ሰኔ 9፣ እሑድ

አልጋ። ካልሲዬን ባለቤቴ አጠለቀልኝ። «ታዲያ፣ ዋጋ ነበረው?» አለኝ። «በደንብ ነው እንጂ!»

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ከወገቤ በታች እርሳስ የተሞላሁ ነው የሚመስለኝ። ኩል፣ ሊፕስቲክ፣ ጌጥ... ሁሉም ወጣ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

አምስት ሰዓት ገደማ ከኋላዬ አንዷ፣ «ለጭፈራ እግር ነበር» አለች። ሌላዋ ሳቀች። ዘወር አላልኩም። የቆጠርኩት ሽፋን ጠፋብኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ስንት ጊዜ ነው ሰው ከአንድ የሚጀምረው?

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

እታለም መጣች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በምክር ደግሞ በሰማንያ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«ሐሳብ ነው አንቺን የሚጥልሽ።»

«እታለም፣ መገጣጠሚያ ነው። ደሜ ላይ ይታያል። ሐኪሙ—»

«ሐኪም ምን ያውቃል! በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ ማልደሽ ተነሺ፣ ተራመጂ። እኔ በአንቺ ዕድሜ ሦስት ልጅ አዝዬ ፎቅ እወጣ ነበር።»

ሦስቱንም በአንዴ? ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ተውኩት። ስትወጣ ጉንጬን ቆንጥጣ፣ «ፊትሽ እኮ ወለል ያለ ነው! ምን ሆነሽ ነው የምትታመሚው?» አለችኝ። እህቴን እወዳታለሁ። ከሄደች በኋላ ይበልጥ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

አለቃ አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያስከፋ ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ዛሬ ሁለቴ ጠረጉት።

«አቤቱታ ቀርቧል» አሉ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እኛ ቀኑን ሙሉ ስንዞር እሷ ትቀመጣለች። ስትፈልግ ጤነኛ፣ ሳትፈልግ በሽተኛ ናት። ሥራው ለሁላችንም እኩል ይሁንልን።» ከሥሩ አሥራ አንድ ፊርማ።

«የሐኪሙን ወረቀት ላሳያቸው?»

«አይሆንም» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

«እንግዲያው እኔም ተቸግሬያለሁ። የመጽሐፉ ሥራ ገና ሁለት ወር ይፈጃል። ዋናው በር ላይ የእንግዳ መመዝገቢያ ቦታ አለ። ደሞዝሽ አይነካም፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። እስከ ሐምሌ ስድስት አስቢበትና ንገሪኝ።»

በር ላይ... ስም፣ የመጡበት ጉዳይ፣ የገቡበት ሰዓት። አሥራ ሰባት ዓመት መጽሐፍ ሠርቼ! ዛሬም አዲስ መጽሐፍ ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ ጀርባውን ነው የምዳብሰው፣ ስፌቱ ደህና ይሁን ብዬ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይሄን ሥራ እወደዋለሁ። በቃ፣ እወደዋለሁ። በር ላይ ተቀምጬ እነሱ በዚያ ሲገቡ ልያቸው?

አሥራ አንደኛው ፊርማ የጋሼ ምላጭ ነው።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ሆድ ባሰኝ። ደግሞም እርሳሱ አልያዝ አለኝ። ነገ።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ምሳ ሰዓት ላይ መቁረጫ ማሽኑ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ምላጭ ማሽኑን እየወለወሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ፈረሙ?»

«ፈረምኩ።» አልዋሹም። ዓይናቸውንም አልሰበሩም።

«ለምን?»

«ልጄ ሰርግ ላይ እንደ አንቺ የጨፈረ የለም። ተባረኪ፣ አኩርተሽኛል። ሰኞ ግን ቁጭ አልሽ። እኔ ወገቤን እያመመኝ ነው ሠላሳ ዓመት የቆምኩት።»

«እሑድ የት እንደነበርኩ ያውቃሉ?»

«የት ነበርሽ?»

ነገርኳቸው። አልጋውን፣ ካልሲውን፣ የሳሙናውን ክዳን፣ ስድስት ዓመት መታመሜን። ጨርቁን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ነገረኝ?»

ዓይኔን ወደ ማሽኑ መለስኩ።

«ሲያምሽ ትኳኳያለሽ፣ ሲሻልሽ ትጨፍሪያለሽ። እኔ ጠንቋይ ነኝ?»

ልቆጣ አስቤ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ፊርማቸውን ግን እሰርዛለሁ አላሉኝም። እኔም ለምኜ አላሰርዝም።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው። ለሁሉም ነገር ምሳሌው መኪና ነው። የጋሼ ምላጭን ነገር ሳጫውተው ሻዩን አስቀምጦ፣ «የእኔ ተማሪዎች ፍሬቻ ሳያሳዩ ይታጠፋሉ። ከዚያ የኋላው ሲገጫቸው እሱን ይሳደባሉ» አለ።

«እና ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«የገጨሽማ ገጭቶሻል። ግን አንቺም ፍሬቻ የለሽም።»

አኮረፍኩት። እስከ ምሳ። ከዚያ ራበኝ።

ግን እውነት... ለምንድን ነው የምደብቀው? እንዳያዝኑልኝ? ሲያዝኑልኝ እንዴት እንደሆነ እኮ አይቼው አላውቅም። ሲፈርዱብኝ እንዴት እንደሆነ ግን አይቻለሁ።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

አደረግሁት።

ክፉ ጠዋት ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ምቹ። ፊቴን ታጥቤ ብቻ ወጣሁ። ጌጥ የለ፣ ምን የለ። ጫማ ማሰር ስላቃተኝ ነጠላ ጫማ በካልሲ። መስታወት ውስጥ ሳየኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ይቺ ሴትዮ እዚህ ቤት ትኖራለች?

መጠረዣ ክፍል ገባሁ። የሥራ ልብሴን ለበስኩና ሳልቆልፈው ቀጥ ብዬ ሬዲዮ ጋ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ሩብ ሰዓት የምታገለው ቁልፍ ነው።

«እባክሽ ቆልፊልኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።»

ሳቀች። ቀልድ መስሏት። ከዚያ እጄን አየች። ያበጠ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። ሳቋ መሐል ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስት ዓመቱ።»

አምስቱን ቁልፍ ቆለፈችልኝ። አንድም ቃል ሳትናገር። ሬዲዮ! ከፈራሚዎቹ ሁለተኛዋ እሷ ናት፤ እኔም ማወቄን ታውቃለች።

ዝምታዋ እስከ ሦስት ሰዓት ቆየ። ከዚያ ሥርጭቱ ተጀመረ። ምሳ ሰዓት ላይ የወረቀት ጭነት መኪናው ሾፌር ግቢው ውስጥ አስቁሞኝ፣ «እጅሽ ሊቆረጥ ነው አሉ፤ እግዜር ይማርሽ» አለኝ።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ከፍርድ ወጥቼ ምክር ውስጥ ገባሁ። ማር ተቀቢ። ጨው ተይ። ጨው ብዪ። የአንዷ አጎት ልክ እንደ እኔ ሆኖ ግድግዳ እየገፋ ድኗል። አንዷ የሻይ ብርጭቆዬን አፌ ድረስ ይዛልኝ መጣች። «እህቴ፣ ይሄን እችላለሁ» አልኳት።

እርግጥ አሥራ አንዱም አይደሉም የተለወጡት። ያቺ «ለጭፈራ እግር ነበር» ያለችው ዛሬም፣ «ትወናውን አሳመረችው» ስትል ሰማኋት። ምን ልበል? ቅር አለኝ። ግን እንደ በፊቱ ከአንድ አልጀመርኩም። ቁጥሬ አልጠፋብኝም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ጉድ ተፈጠረ ዛሬ።

ከሰዓት በኋላ የተሰበሰቡት መጽሐፎች በጋሪ ተጭነው ወደ ስፌት ሲገፉ በአጠገቤ አለፉ፤ ጀርባቸው ወደ እኔ ነበር። በእያንዳንዱ እጥፋት ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት ትታተማለች። የአንደኛው ከላይ፣ የሁለተኛው ትንሽ ዝቅ ብላ፣ የሦስተኛው ከዚያ ዝቅ... አሥራ አራቱ ሲደራረቡ ደረጃ ይሠራሉ። ደረጃው ካልጎደለ መጽሐፉ አልጎደለም። ሁሉም ሰብሳቢ ዙሯን ስትጨርስ ማየት አለባት። በጥድፊያ ሰሞን ማን ያያል?

አየሁ። ሰባተኛዋ ደረጃ የለችም። በሚቀጥለውም የለችም። በሁሉም!

«ቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሪው ቆመ። «ተቀምጣ ደግሞ ታዝ ጀመር» አለች አንዷ። ጋሼ ምላጭ ግን አንዱን መጽሐፍ አንስተው ገለጡት። ስምንተኛው እጥፋት ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ሰባተኛው የለም። ሁለት መቶ ሠላሳ መጽሐፍ። ተሰፍቶ ቢሆን ኖሮ...

የሰባተኛው ክምር ሲያልቅ አንድ ሰው የስምንተኛውን አምጥቶ ሞልቶበታል። ማን? ሬዲዮ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በኋላ ጥግ ይዛኝ ተናዘዘች። ክምሩን ስትሞላ ለጥራዝ ሰፊዋ ወሬ እያወጋች ነበር። የምን ወሬ? የእኔን እጅ!

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «በበሽታዬ መጽሐፍ አሳመምሽ» አልኳት። ለአለቃ አልነገርኩባትም። እንደ እሷ ሬዲዮ አይደለሁም።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ሙሉ ፈታን፣ ሞላን፣ አስተካከልን። እኔ ደረጃውን እያየሁ የዳነውን ከታመመው ለየሁ። ለዚያ ጣት አያስፈልግም። ዓይን ብቻ። ደግሞ ዓይኔ ማልዶ ነው የሚነቃው።

ማረፊያ ሰዓት ላይ ሁሉም ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳለ ተናገርኩ። አስቀድሜ አላሰብኩትም። ባስብበት ኖሮ ምን ቆርጦኝ!

«ወንበሬን ከመስኮቱ ሥር ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ላምጣው። ዙር የጨረሰች ለእኔ ትስጠኝና ሳትቆም ትቀጥል። እኔ ደረጃውን አያለሁ። ደህና በሆንኩ ቀን አብሬያችሁ እዞራለሁ። በየትኛው ቀን ደህና እንደምሆን ግን እኔም አላውቅም፣ ጠዋት ነው የሚነገረኝ። ስጨፍር ብታዩኝ እውነት ነው። በማግስቱ ስቀመጥም እውነት ነው።»

ያቺው «ለጭፈራ እግር ነበር» ባይዋ ሴት፣ «እኛስ ሲደክመን?» አለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት... ጥያቄው ልክ ነው። እሷም እኮ ከጠዋት ጀምራ ስትዞር ነው የምትውለው፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ለካ እኔም የእሷን አላየሁም።

«ሁለተኛ ወንበር ይምጣ» አልኩ። «የደከማት ቁጭ ብላ አብራኝ ትይ። በየተራ።»

ጋሼ ምላጭ ወጡ። ከግምጃ ቤት አንዱ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዘው ተመለሱ። መዶሻም ጭምር።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

አለቃ ዘንድ ገባሁ። «በር ላይ አልሄድም» አልኩ። መነጽራቸውን አልጠረጉም። «ሰምቻለሁ፤ ሬዲዮአችሁ እዚህም ትደርሳለች። ሥራው እስኪያልቅ እንየው። ካልሠራ ግን በሩ አለ» አሉ።

አቤቱታውስ? ማህደር ውስጥ ከሐኪሙ ወረቀት ጎን ይቀመጣል አሉ። ይስማሙ እንግዲህ።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ደህና ቀን! ዘጠኝ ዙር ዞርኩ። በሦስተኛው ላይ ሬዲዮ «ዛሬስ ለእግር የተሰጠ ቀን ነው!» ብላ ጮኸች። በዘጠነኛው ላይ ተቀመጥኩ። ሳያመኝ። ከዚያ በላይ ከዞርኩ ነገ እንደሚያመኝ ስለማውቅ። ይሄን ከዚህ በፊት አድርጌው አላውቅም። ሁልጊዜ እስክወድቅ ነበር።

ያቺ ሴት ሁለተኛው ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ደረጃ ታያለች። ሰላም አላለችኝም። ግን አንዱን መጽሐፍ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ይቺን እይልኝ፣ ዓይኔን ተጠራጠርኩት» አለች። እንደ ሰላምታ ቆጠርኩት።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

እታለም መጣች። ሳልኳኳል፣ ፀጉሬ ተንጨብሮ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሜ አገኘችኝ። ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ እህቴን! አንቺ፣ ታመሻል እኮ!»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሲስቅ ሰማሁት። ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል፣ ግን ደርሳበታለች። አጠገቤ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትመክረኝ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። ሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ የቀዝቃዛውን ውኃ ነገር አነሳች። ምን ይደረግ፣ አንጀቴን ቅቤ ካጠጣችው በኋላ ስለሆነ ሰማኋት።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው መጽሐፍ ትናንት ወጣ። ዛሬ አለቃ የሥራ ድልድሉን ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ከስሜ ትይዩ «ማጣራት» ይላል። በር አይልም። ሁለቴ አነበብኩት፤ ሬዲዮ ጮክ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችልኝ።

ጣቶቼ? ያው ናቸው። ዛሬም አራት ሰዓት ነው የተነሱት። ሐኪሙ በሚቀጥለው ወር መድኃኒቱን እንለውጥ ብሎኛል፤ ይሠራ አይሠራ እናያለን። ሕመሙ አልተለወጠም። ደስተኛ ነኝ ግን። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ደስተኛ ነኝ።

አዲስ ሠራተኛ ገብታለች። ገና ልጅ ናት፣ ዓይኗ ሁሉን ነገር ይጠይቃል። የሌላ ሥራ ክምር ተደርድሮ መዞር ጀመሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ወደ ሬዲዮ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «ያቺኛዋ ለምንድን ነው የምትቀመጠው?» አለች።

እጄ መጽሐፉ ላይ ቆመ። መላው ጠረጴዛ ሰምቷል። ሬዲዮ አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ፣ «እዚያው አለች፤ ራሷን ጠይቂያት» አለቻት።

ልጅቷ ፊቷ እየቀላ፣ የሰበሰበችውን እንደያዘች መጣች። ፊቴ ቆመች። ድሮ ቢሆን ፈገግ እል ነበር። ወይ ወሬ እለውጣለሁ። ወይ ስለ ሐኪም ወረቀት፣ ስለ ደም ምርመራ፣ ስለ ስድስት ዓመት ማስረጃ እደረድርላታለሁ፣ እንድታምነኝ።

«መገጣጠሚያዬን ያመኛል» አልኳት። «አንዳንድ ቀን እዞራለሁ፣ አንዳንድ ቀን እቀመጣለሁ።»

በቃ። ይሄው ነበር። ሌላ የምጨምረው ፈልጌ አጣሁ።

«እሺ» አለችና መጽሐፏን ሰጠችኝ። ደረጃውን አየሁላት። ምንም አልጎደለውም። ወደ ዙሯ ተመለሰች።